የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የበረዶ ናዳና የተዳፋት አደጋ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከመሐል አዲስ አበባ የደረሱን ናቸው። ሁለቱ ዘመዶቻቸው በረዶማ አገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከአስጎብኚ ድርጅት ባልደረባ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም ስለ በረዶ ናዳ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰው ሕይወት በቅርብ የሚነካ ስለሆነ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

«ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የመጨረሻው ልጄ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ከተማ ተቀጥሮ ይሠራል። ከጊዜ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተራራ እየወጣ በበረዶ ሸርተቴ መንሸራተት ጀምሯል። የሚሄደው ትኬት ተቆርጦ ወደሚገባበት፣ ጠባቂ ወዳለው ስፍራ ቢሆን ባልተጨነቅሁ ነበር፤ እርሱ ግን ከዚያ ውጭ ባለው ተራራ ነው የሚውለው። ስለ በረዶ ናዳ ስጠይቀው ‹አይዞሽ እማዬ፣ አደጋው ከ5 ደረጃ 3ኛው ላይ ነው፣ መካከለኛ ነው› ይለኛል። የእኛ አገር ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው? እንዲተወው ልለምነው ወይስ በከንቱ ነው የምጨነቀው? ለቀናት ጸጥ ብሎ የተኛ በረዶስ በድንገት ምን ያንቀሳቅሰዋል?» — ወ/ሮ ሙ.፣ ከአራት ኪሎ

የተከበሩ መምህርት፣ ጭንቀትዎ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ልጅዎን እንዲተወው ከመለመን ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቁት እመክርዎታለሁ። የእኛ ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው ለሚለው፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ተወዳድሮ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መድረክ ይዞ እንደገባ ላስታውስዎ። ስለዚህ ልጅዎ የያዘው ነገር ለወገኖቹ ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። እንግዳ የሚሆንበት በረዶ የለበሰው ተዳፋት የራሱ ጠባይ ነው፤ ይህም ሊጠና የሚችል ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ‹3ኛው ደረጃ› የሚለውን እናስተካክል። በአውሮፓም ሆነ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ናዳ አደጋ በ5 ደረጃዎች ይገለጻል። 3 ቁጥር መካከል ላይ ስለተቀመጠ ብዙ ወጣቶች ‹መካከለኛ› ብለው ይረዱታል፤ አደጋው ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ በእኩል እርከን አይጨምርም፣ እየተባዛ ነው የሚሄደው። 3ኛው ደረጃ ማለት በቀጥ ባሉ ተዳፋቶች ላይ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ናዳ ሊያስነሳ ይችላል ማለት ነው። አደጋው 4 ወይም 5 ሲሆን ናዳው በየአቅጣጫው በራሱ ስለሚወርድ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ አብዛኛውም ከቤቱ አይወጣም። በ3ኛው ደረጃ ግን ብዙ ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አዲስና ማራኪ ሆኖ፣ አደጋው ከሥር ተሸሽጎ ይቆያል። በናዳ ከሚሞቱት መካከል ትልቁ ድርሻ የሚመዘገበው በዚህ ደረጃ ቀናት የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ‹ዛሬ 3 ነው› ሲልዎት የሚያጽናና ወሬ እንደነገረዎ አይቁጠሩት፤ ጥያቄዎ መጀመር ያለበት ከዚያ ላይ ነው።

ጸጥ ብሎ የተኛው በረዶ ለምን ይነሳል ላሉት፣ ነገሩ ያለው በሽፋኖቹ ውስጥ ነው። የተራራ በረዶ አንድ ወጥ ክምር አይደለም። እያንዳንዱ ወጀብ የራሱን ሽፋን ጥሎ ያልፋል፤ ከፊሉ ጠንካራ፣ ከፊሉ ልል ይሆናል። በኮሎራዶ የክረምቱ መጀመሪያ ላይ የሚወርደው በረዶ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ከበጋው የተረፈ ሙቀት ስላለው ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ከላዩ ያለው የሌሊት አየር ደግሞ እጅግ ይቀዘቅዛል። በበረዶው ውስጥ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ልዩነት ከተፈጠረ፣ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ እየተጓዘ የበረዶውን ቅንጣቶች መልክ ይለውጣቸዋል፤ እርስ በርሳቸው የተያያዙት ደቃቅ ቅንጣቶች ትልልቅ፣ ባለ ማዕዘንና የማይያያዙ ይሆናሉ። በጉዳዩ የሠለጠኑ ሰዎች ይህን ‹ስኳር በረዶ› ይሉታል፤ በእጅ ቢዘግኑት በጣቶች መካከል ይፈሳል። ከሳምንታት በኋላ በዚህ ልል ሽፋን ላይ ከባድ በረዶ ሲወርድበት፣ ይልቁንም ነፋስ ከአንዱ የሸንተረር ጎን እየጠረገ በሌላው ጎን ሲከምርበት፣ ከላይ ጥቅጥቅ ያለና እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀስ ሽፋን ይሠራል። ነፋስ በዚህ መንገድ ከሰማይ ከሚወርደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በረዶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጭን ስለሚችል፣ ‹ትናንት በረዶ አልጣለም› የሚለው ማረጋገጫ ብቻውን አያድንም።

እንዲህ ዓይነቱ ተዳፋት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሳይነቃነቅ ይቆያል። አንድ ሰው ሲረግጠው ግን ክብደቱ ከሥር ያለውን ልል ሽፋን ይሰብረዋል፤ ስብራቱም በዓይን ጥቅሻ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሮጥና የላይኛው ሽፋን ከሰውየው በላይ ባለው መስመር ላይ ተሰንጥቆ ይለቃል። ሰውየው ናዳው ከሩቅ አይመጣበትም፤ ራሱ በናዳው ላይ ቆሞ ይገኛል። በመዝናኛ ጉዞ ላይ ሳሉ በናዳ ከሞቱት መካከል ወደ 90 በመቶ በሚጠጉት አደጋዎች ናዳውን ያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ተስፋ የማገኘው ከእርሱ ነው። መብረቅን ማንም አያዝዘውም፤ ይህን ናዳ ግን የሚያስነሳው የሰው እግር ከሆነ፣ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ መምረጥ ይችላል።

ምርጫውም በዋናነት የተዳፋት ምርጫ ነው። አብዛኞቹ አደገኛ ናዳዎች የሚነሱት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ካለ ስፍራ ሲሆን፣ በብዛት የሚታዩት ደግሞ በ38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች ይህ ዓይነቱ ናዳ እምብዛም አይነሳም። መጠኑን በዓይነ ሕሊናዎ ለማየት ፒያሳ ካሉት የድሮ ፎቆች የአንዱን ደረጃ ያስቡ፤ የተለመደ የቤት ደረጃ ዘንበል ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል። ችግሩ ለሸርተቴ አስደሳች የሚባለው ተዳፋትና ለናዳ ምቹ የሆነው ተዳፋት አንድ መሆናቸው ነው። ደግነቱ ዘንበሉ ይለካል። በኪስ በሚያዝ መለኪያ ወይም በስልክ መለካት ይቻላል፤ ቀጥ ያሉት ቦታዎች በቀለም ተለይተው የሚታዩባቸው ካርታዎችም አሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሜዳማ ቦታ ላይ የቆመ ሰውም ከበላዩ ቀጥ ያለ ተዳፋት ካለ አልዳነም። ልል ሽፋኑ ከታች ተሰብሮ ስብራቱ ወደ ላይ ሊወጣና ናዳውን ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ ‹የምትሄድበት ቦታ ስንት ዲግሪ ነው?› የሚለው ብቻ አይደለም፤ ‹ከበላዩስ ምን አለ?› የሚለው ይከተለዋል። በ3ኛ ደረጃ ቀን ከ30 ዲግሪ በታች የሆነና ከበላዩ ቀጥ ያለ ነገር የሌለው መንገድ የመረጠ ሰው ተራራውንም፣ በረዶውንም፣ የጓደኞቹንም ጨዋታ ያገኛል። ‹ተወው› ማለት አያስፈልግም ያልሁዎት ለዚህ ነው።

ስለ መሣሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ተጓዥ ሦስት ነገር ይዞ መሄድ አለበት፦ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚያስተላልፍና የሚቀበል መፈለጊያ፣ ተገጣጣሚ መፈተሻ ዘንግና የብረት አካፋ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙም አይረቡም፤ አካፋ የሌለው ሰው ጓደኛው የተቀበረበትን ቦታ ቢያውቅ እንኳ ሊደርስበት አይችልም። በበረዶ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የወጡት ከ10ሩ 9ኙ ያህል በሕይወት ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን የሚተርፉት ወደ ሲሶ ይወርዳሉ። ሄሊኮፕተር የፈለገውን ያህል ቢፈጥን በ10 ደቂቃ አይደርስም። አዳኙ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ሰው ለማውጣት እስከ 1 ቶንና ከዚያም በላይ በረዶ መዛቅ ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ያለ ልምምድ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚሰማ ቢኖር ደጋግሜ የምናገረው ትንሽ የምትመስል ነገርም አለች፦ በፍለጋ ጊዜ ስልክና ሌላ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ከመፈለጊያው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ አለዚያ ምልክቱን ያውከዋል። በጀርባ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ሲሳብ የሚነፋው ከረጢት ሰውን ወደ በረዶው ገጽ በማቅረብ ብዙዎችን አድኗል። ሆኖም ከዛፍና ከዓለት ጋር ከመላተም አያስጥልም፤ በካናዳ በተደረገ ጥናት ደግሞ ከሟቾቹ አንድ አራተኛ የሚሆኑት የሞቱት በመታፈን ሳይሆን በምት ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ለሥልጠና የገባ ሰው የሚሰማው ነው። ለእኛ ልጆች ከዚህ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። ባዕድ አገር፣ በሥራ ቦታም በተራራም አዲስ የሆነ ወጣት፣ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ባላቸው ባልደረቦቹ መካከል ሆኖ ‹እኔ እዚህ ተዳፋት ላይ አልገባም› ለማለት ይከብደዋል። ፈሪ ይሉኛል፣ ጉዞአቸውን አበላሽባቸዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ አይጠሩኝም ብሎ ያስባል። ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአገሩ የደረሱ ከ700 በላይ አደጋዎችን መርምሮ ሲያበቃ፣ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ሳይቀሩ ግልጽ ምልክቶችን እያዩ ወደ አደጋው መግባታቸውን አሳይቷል። የለመዱት ቦታ መሆኑ፣ ሌሎች ሲገቡ ማየታቸው፣ በቡድኑ ዘንድ ተቀባይነት ማጣትን መፍራታቸው እንዲሁም ያሰቡትን ሳያደርሱ መመለስ መጥላታቸው ከገፋፏቸው ነገሮች መካከል ናቸው። እንግዲህ ይሉኝታ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ እኛ ግን አጥብቀን ተምረነዋል። ስለዚህ ልጅዎን በራስዎ አንደበት ነጻ ያውጡት። ‹ልመለስ ብትል የሚያፍርብህ የለም፤ አንድ ሰው አልገባም ካለ ሁላችሁም አትግቡ የሚል ስምምነት ከመነሳታችሁ በፊት አድርጉ› ይበሉት። በደንብ የተደራጁ ቡድኖች የሚሠሩበት ደንብ ይኸው ነው፤ ለዚህም ምክንያት መጠየቅ አያስፈልግም።

በእርስዎ ዘንድ ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ሲሆን በክረምት በዴንቨር ገና ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ደውለው የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ለነገ ያወጣውን ትንበያ አንብቦ እንደሆነ፣ ትንበያው የትኛውን ከፍታና የትኛውን የተራራ ገጽ አደገኛ እንዳለ፣ የመረጠው መንገድ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድና ሁሉም መሣሪያ ይዘው መለማመዳቸውን፣ በስንት ሰዓትም እንደሚመለስ ይጠይቁት። መልሱ ጥርት ያለ ከሆነ እንቅልፍዎን ይተኙ። ‹ጓደኞቼ ያውቁታል› ካለዎት ግን የዚያን ዕለት አይሂድ ብለው ቢያጠብቁ አይሳሳቱም።

«በፊልም ላይ አንድ ሰው ሲጮህ ተራራው ሲናድ አያለሁ። ድምፅ በእርግጥ ናዳ ያስነሳል? ደግሞም በእጅ ሲያዝ ብን የሚል በረዶ ሰውን እንዴት እጁን እንኳ እንዳያነሳ አድርጎ ይይዘዋል?» — የፊዚክስ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ አያስነሳም የሚል ነው። የሰው ጩኸት በበረዶው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የላይኛውን ሽፋን አልፎ ልሉን ሽፋን ለመስበር ከሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ያነሰ ነው። ፈንጂ ግን ያስነሳል፤ ስለዚህም የመንገድና የሸርተቴ ሥፍራ ሠራተኞች ሰው በሌለበት ሰዓት ሆን ብለው በማፈንዳት ተዳፋቱን አስቀድመው ያራግፉታል።

ሁለተኛው ጥያቄህ የበለጠ ይስበኛል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በ1 ኪዩቢክ ሜትር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አብዛኛው አየር ነው። ናዳው ሲወርድ ሽፋኑ ተሰባብሮ ቅንጣቶቹ ይፈጫሉ፣ በመካከላቸው የነበረው አየርም ይወጣል። ታች ደርሶ የሚቆመው ክምር በ1 ኪዩቢክ ሜትር ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ወሳኙ ነገር ክብደቱ ብቻ አይደለም። የበረዶ ሙቀት ከመቅለጫ ነጥቡ ብዙም ስለማይርቅ፣ የተፈጩት ደቃቅ ቅንጣቶች ገና እንደቆሙ በሚነካኩበት ነጥብ ሁሉ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ እንደ ፈሳሽ የነበረው ነገር ሲቆም በቅጽበት ጠጣር ይሆናል፤ የተቀበረው ሰውም ቆሞ ይሁን ተገልብጦ፣ እጁ ባለበት ይቀራል። በዙሪያው አየር ያለበት በረዶ ቢኖርም የራሱ ትንፋሽ በአፉ ዙሪያ ተከማችቶ ቀስ በቀስ ያፍነዋል።

ናዳ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ወደ ጎን ተንሸራቶ ለመውጣት እንዲሞክር፣ ምርኩዞቹን እንዲጥል፣ ፍጥነቱ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ እጆቹን ወደ ፊቱ አቅርቦ ለመተንፈሻ የሚሆን ክፍተት እንዲሠራ የሚመከረውም ይህን መጣበቅ በማሰብ ነው፤ ከቆመ በኋላ ማድረግ አይቻልምና። ትልልቅ ደረቅ ናዳዎች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚፈጥኑ ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር ግን የለም።

«ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ አካባቢ ነርስ ሆኖ ይሠራል። ሸርተቴ አይወድም፤ ነገር ግን ቤቱ ከተራራ ግርጌ ነው፣ ወደ ሥራም የሚነዳው በተራራ ሥር ነው። ተራራ ለማይወጣ ሰውስ አደጋ አለው? ‹አሁን ዝናብ ስለሆነ በረዶው ይቀልጣል› ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትክክል ነኝ?» — አቶ ዳ.፣ ከለገሃር

አቶ ዳ.፣ ተራራ ለማይወጣም አደጋ አለ፤ ናዳ የሚነሳበት ስፍራና የሚደርስበት ስፍራ የተለያዩ ናቸውና። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 በኖርዌይ ግዛት በስቫልባርድ፣ በሎንግየርብየን ከተማ ከመንደሩ በላይ ካለው ተራራ የወረደ ናዳ 11 ቤቶችን አፍርሶ ሁለት ሰዎችን ገድሏል። በኦስትሪያም እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1999 በጋልቲዩር መንደር ከሳምንታት ከባድ በረዶ በኋላ የወረደው ናዳ ደኅና ተብለው ወደተመደቡ ቤቶች ጭምር ደርሶ 31 ሰው ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ የተራራ አገሮች የናዳ መከላከያ አጥር፣ የአደጋ ካርታና የማስለቀቂያ ሥርዓት ተጠናክሯል፤ ይህም ሆኖ ወንድምዎ ቤቱ በማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ ካርታ ላይ የት እንደሚውል አንድ ጊዜ አይቶ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ዝናቡ ግን ሊያስደስትዎ አይገባም ነበር። በበረዶ ላይ የሚዘንብ ዝናብ በአንድ በኩል ክብደት ይጨምራል፣ በሌላ በኩል ቅንጣቶቹን ያያዘውን ትስስር ያላላል። አየሩ በድንገት ሲሞቅና ሲዘንብ የሚወርዱት እርጥብ ናዳዎች ከደረቆቹ ይልቅ ቀስ ይላሉ፣ ክብደታቸው ግን አጥፊ ነው። በረዶው ከጊዜ በኋላ ውኃው ወርዶለትና መልሶ ቀዝቅዞ ሲጠነክር እርግጥ ይረጋጋል፤ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓትና በማግሥቱ ግን አደጋው ከፍ ይላል። በኖርዌይ የውኃና ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ‹ቫርሶም› በተባለ አገልግሎቱ በክረምቱ ወራት ለየአካባቢው የናዳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ወንድምዎ ከቤት ሳይወጣ ይመልከተው።

መንገድ ላይ የሚፈለግበት ጥንቃቄ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አይዘለልም። የተዘጋ መንገድ ሲገጥመው ሰው የለም ብሎ አልፎ አይሂድ። የናዳ ምልክት በተተከለበት መስመር ላይ መኪናውን አያቁም፣ ፎቶግራፍ ለማንሳትም አይውረድ። ከከባድ ነፋስ ጋር በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ከወረደ፣ ወይም በአካባቢው ትኩስ ናዳ ካየ፣ በእግሩ ሲሄድ ከሥሩ ድብን ያለ የመደርመስ ድምፅ ከሰማ ወይም ከእግሩ ፊት ስንጥቅ ሲሮጥ ካየ፣ ተራራው ራሱ ነግሮታልና ሌላ ማስረጃ አይጠብቅ። የሥራ ፈረቃ ሊያመልጠው ቢችል እንኳ ደውሎ ‹መንገዱ ተዘግቷል› ማለት በዚያ አገር የተለመደ ነው።

«የምሠራው ካዛንቺስ በሚገኝ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ወደ ስሜንና ባሌ ተራሮች የምንወስዳቸው የውጭ እንግዶች ‹እዚያ የበረዶ ናዳ አለ?› እያሉ ይጠይቁናል። ምን እንበላቸው? የአፈር ናዳስ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል?» — አስጎብኚ፣ ከካዛንቺስ

ለእንግዶቻችሁ ‹የበረዶ ናዳ አያስጋችሁ› ብትሏቸው ስሕተት አይደለም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ስሜን ላይ በተለይ በዝናቡ ወራት ነጭ በረዶ የሚታይባቸው ጧቶች አሉ። ነገር ግን የወረደው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይቀልጣል። ናዳ እንዲፈጠር በወራት የተደራረበ ክምር፣ በክምሩ ውስጥም ልል ሽፋን ያስፈልጋል፤ የእኛ ተራሮች ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆኑ ይህ የበረዶ ወቅት የላቸውም። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በባሌ የሳነቴ አምባ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር፣ ስሜን ላይም የግግር አሻራ ይታያል። እንግዶቻችሁ ሳነቴ ላይ ቆመው ይህን ቢሰሙ የተራራውን ዕድሜ በሌላ ዓይን ያዩታል፤ እኔም አስጎብኚዎቻችን ይህን በቂ ጊዜ ሰጥተው ቢያስረዱ እወዳለሁ።

ስጋቱ ሌላ ቦታ ነው። በስሜን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በዝናብ ረጥቦ በነፋስ የተመታ ሰው ቀኑ ሳይመሽ ሙቀቱን ሊያጣ ይችላል። ጭጋግ በሚወርድበት ሰዓት የገደሉ ጫፍ አይታይም። ከ3,000 ሜትር በላይ በፍጥነት የሚወጣ ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሲመጣም ሜዳማው አምባ መጠለያ አይሰጥም። ስለነዚህ ሳይናገሩ ስለ በረዶ ናዳ ማውራት እንግዳውን አለአግባብ ማረጋጋት ነው።

የአፈር ናዳ ጉዳይ ግን የእኛው ነው፤ ባነሳኸው ደስ ብሎኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች፣ የአካባቢ ሹሞችና ሌሎች አዳኞች ነበሩ፤ ቁፋሮ ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ ሐዘን ብቻ አይደለም፣ ከተራራ አዳኞች ልምድ ሊወሰድ የሚችል ትምህርት ሳይደርሳቸው መቅረቱ ይቆጨኛል።

በበረዶና በአፈር መካከል ልዩነቱ ብዙ ነው። በረዶው የሚለቀው ልሉ ሽፋን ሲሰበር ነው፤ አፈሩ ግን ብዙ ጊዜ ውኃ ጠግቦ ከሥሩ ካለው ጠንካራ ዓለት ወይም ሸክላ ላይ ሲንሸራተት ነው። የአፈሩ ናዳ በረዶው በማይነሳበት ለስላሳ ዘንበል ላይም ሊነሳ ይችላል። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ጠንካራው በደካማው ላይ ተቀምጦ መቆየቱ፣ ከወረደውም በኋላ ከበላይ ገና ያልወረደ ክፍል ሊቀር መቻሉ ነው። የሠለጠነ የበረዶ አዳኝ ጓደኛው ተቀብሮበት እንኳ ወደ ክምሩ ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ተዳፋቱን ይመለከታል፤ አንድ ሰው ዓይኑን ከላይ ሳይነቅል እንዲጠብቅ ያቆማል፤ ማምለጫውንም ለሁሉ ያሳያል። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። የተቀበረው መጨረሻ የታየበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ከክምሩ ውጭ ቆሞ እያመለከተ ይምራ፤ ከሚቆፍሩት ሌላ ያለው ሕዝብ ደግሞ ከናዳው መስመር ወደ ጎን ይራቅ። ይህን በየቀበሌው ላሉ ወጣቶች ማስተማር መኪናም ሆነ ማሽን አይጠይቅም።

ለእናንተ ለአስጎብኚዎች የሚሆነው ይህ ነው፦ ለቀናት ያለማቋረጥ ከዘነበ በኋላ ድንኳን ከገመገም አፍና ከተቆረጠ የመንገድ ግርጌ አትትከሉ። ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ድሮ ጥርት ያለ የነበረ ምንጭ ከደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ከፈለቀ፣ ዛፎችና የስልክ ምሰሶዎች ካዘነበሉ፣ የአካባቢው ሰው የቤቱ በር አልዘጋ ማለቱን ከነገራችሁ፣ የዕለቱን መንገድ ለውጡ፤ ለቀበሌው አስተዳደርም በዚያው ቀን አሳውቁ። ከእናንተ በፊት በዚያ ያለፈ ሌላ ቡድን ደኅና መግባቱን እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፤ እርሱ ሲያልፍ የነበረው ውኃና እናንተ ስታልፉ ያለው ውኃ አንድ አይደለምና።